ክንፍ ያወጣ ስካፑላ፦ የተጎዳው የትኛው ነርቭ ነው?

ታካሚዋ የ41 ዓመት መምህርት ናቸው። ለነርቭ ምርመራ ሲላኩ ይዘውት የመጡት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የቀኝ ስካፑላ ክንፍ አውጥቷል። የሎንግ ቶራሲክ ነርቭ ጉዳት ተጠርጥሯል፤ በኢኤምጂ ይረጋገጥልን።» (ኢኤምጂ የጡንቻንና የነርቭን ኤሌክትሪክ የሚለካ ምርመራ ነው።) የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው። ስካፑላው፣ ማለትም የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት፣ ከጎድን አጥንቶች ተላቆ ወደ ኋላ ወጥቷል። ሁለተኛው ግን ስሕተት ነበር፤ እስኪታረምም ነርቩ ከተጎዳ አምስት ወር አልፏል።

ሴሬተስ የተባለውን የደረት ጎን ጡንቻ የሚያዝዘው ሎንግ ቶራሲክ ነርቭ ሳይቆረጥ ሲጎዳ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል። ብዙው ታካሚ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ትራፒዚየስ የተባለውን የማጅራትና የጀርባ ጡንቻ የሚያዝዘው አክሰሰሪ ነርቭ በቀዶ ሕክምና ስለት ተቆርጦ ከሆነ ግን መጠበቁ ራሱ ይጎዳል። የተቆረጡት ጫፎች ካልተገናኙ ነርቩ በራሱ መንገዱን አያገኝም፤ ጡንቻውም በየወሩ እየከሳ ይሄዳል። ስለዚህ «ክንፍ አውጥቷል» ብሎ መጻፍ የምርመራው መጀመሪያ ነው። ስካፑላው ወዴት እንደሸሸ፣ በየትኛው እንቅስቃሴ እንደተነሣና በየትኛው ወደ ቦታው እንደተመለሰ ካልታየ የነርቩን ስም መጻፍ ግምት ብቻ ይሆናል።

የሕመሙ ታሪክ

ከአምስት ወር በፊት በአንገታቸው ቀኝ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ንፍፊት ወጥቶባቸው ነበር። በአካባቢ ማደንዘዣ ተቆርጦ ለባዮፕሲ ተላከ፤ ውጤቱ ካንሰርም ሳንባ ነቀርሳም እንደሌለበት አሳየ። ንፍፊቱ ሲወጣ «እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር እስከ ትከሻዬ ወረደ» ይላሉ። ቁስሉ በደህና ደረቀ፣ ስፌቱ ወጣ፣ ጉዳዩም ተዘጋ።

በሦስተኛው ቀን ፀጉራቸውን ሊያበጥሩ ሲሉ ቀኝ ክንዳቸው ወደ ጎን አልነሣ አላቸው። በሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ከፍ አድርጎ መጻፍ አቃታቸው፤ የቦርሳቸው ማንገቻም ከቀኝ ትከሻቸው እየተንሸራተተ መውረድ ጀመረ። ሕመሙ ከአንገት እስከ ስካፑላው ጫፍ የሚጎትት፣ ማታ ማታ የሚከብድ ዓይነት ነው። ክንዳቸውን በሌላው እጅ ደግፈው ሲይዙት ይቀልላቸዋል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ብዙ ትናገራለች፦ የሚያማቸው የትከሻው መገጣጠሚያ ከሆነ መደገፉ ያን ያህል አያሳርፍም፤ የክንዱን ክብደት የሚሸከመው ጡንቻ ከሞተ ግን ድጋፉ ወዲያው ያሳርፋል።

በሦስተኛው ሳምንት የትከሻ ጅማት ብግነት ነው ተብለው በመገጣጠሚያው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ተወጉ። የትከሻ ኤምአርአይም ተነሡ፤ ሱፕራስፓይናተስ በተባለው የትከሻ ጡንቻ ጅማት ላይ ቀላል ለውጥ አሳየ። እንዲህ ያለ ለውጥ በዚህ ዕድሜ ምንም በማያማቸው ሰዎችም ላይ የተለመደ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን የሕመሙ ምክንያት መስሎ ይታያል። በሁለተኛው ወር ፊዚዮቴራፒ ሲጀምሩ ባለሙያው ስካፑላው መነሣቱን አየ። ይህ ከሱ በፊት ያየው ሰው ስላልነበረ ሊመሰገን ይገባዋል። ግድግዳ አስገፋቸው፣ ስካፑላው ጥቂት ወጣ፣ «ሴሬተስ ደክሟል» ተብሎ ተጻፈ። ለአሥር ሳምንት ግድግዳና ወለል እየገፉ ሴሬተስን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ሠሩ፤ ሕመሙ ባሰ፣ ትከሻው ይበልጥ ወረደ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የአንገቱን ቀዶ ሕክምና የጠየቃቸው አልነበረም። እሳቸውም ሕመሙ ትከሻ ላይ፣ ጠባሳው አንገት ላይ ስለሆነ አላገናኙትም። ሌላም ያልተጠየቀ ነገር አለ፦ የቀኝ ጆሮ ጌጣቸውን ሲያደርጉ ጫፉ ጆሯቸውን ሲነካው አይሰማቸውም። መስተዋት ፊት ቆመው ካልሆነ ቀዳዳውን አያገኙትም።

አጥንቱ ወዴት ነው የሚሸሸው?

ስካፑላ ከአካሉ ግንድ አጥንቶች ጋር የሚገናኘው በክላቪክል፣ ማለትም ከአንገት በታች ከፊት ባለው አግዳሚ አጥንት፣ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ መገጣጠሚያ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ በጡንቻ ተወጥሮ የተያዘ ነው፤ ድንኳን በዙሪያው በገመድ ተወጥሮ እንደሚቆም ማለት ነው። አንዱ ገመድ ሲላላ ድንኳኑ ወዳልላላው ይዘምማል።

ሴሬተስ አንቴሪየር ከላይኞቹ ስምንት ወይም ዘጠኝ የጎድን አጥንቶች ተነሥቶ በስካፑላው ሥር ያልፍና በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይታሰራል። ስካፑላውን ከደረት ግድግዳ ጋር ያጣብቃል፣ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ክንድ ሲነሣም ወደ ላይ ያዞራል። ነርቩ ሎንግ ቶራሲክ ነው፤ ከ5ኛው፣ ከ6ኛውና ከ7ኛው የአንገት ነርቭ ሥሮች ይነሣና በደረት ጎን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። መንገዱ ረጅምና ከቆዳ ብዙም ያልራቀ በመሆኑ በከባድ የጀርባ ሸክም፣ ደጋግሞ ክንድን ከራስ በላይ በማንሣት፣ በብብት ቀዶ ሕክምና ይጎዳል። ሴሬተስ ሲሞት ትራፒዚየስና ሮምቦይዶች (ስካፑላውን ወደ አከርካሪ የሚስቡ ጡንቻዎች) ያሸንፋሉ፦ ስካፑላው ወደ አከርካሪ ይጠጋል፣ ከፍ ይላል፣ የታችኛው ጫፉም ወደ መሐል ይዞራል።

ትራፒዚየስ ከራስ ቅል ኋላ፣ ከማጅራትና ከደረት አከርካሪ ተነሥቶ ስካፑላውን ወደ ላይና ወደ መሐል የሚይዝ ሰፊ ጡንቻ ነው። የሚያዝዘው 11ኛው የራስ ቅል ነርቭ፣ አክሰሰሪ ነው፤ ከ3ኛውና ከ4ኛው የአንገት ሥሮችም ጥቂት ክሮች ይጨመሩለታል። ትራፒዚየስ ሲሞት የክንዱ ክብደትና ጤናማው ሴሬተስ ያሸንፋሉ፦ ትከሻው ይወርዳል፣ ስካፑላው ከአከርካሪ ይርቃል፣ የታችኛው ጫፉ ወደ ውጭ ይዞራል። የሮምቦይዶች ሞትም፣ ማለትም የዶርሳል ስካፑላር ነርቭ ጉዳት፣ ወደ ውጭ ያስሸሻል፤ ነገር ግን ለውጡ ትንሽ ነው። ይበልጥ የሚታየው ወደ ፊት የተነሣ ክንድ ቀስ ተብሎ ሲወርድ ነው።

ምርመራው

ጀርባው ከማጅራት እስከ ወገብ ካልተገለጠ ምርመራው አልተጀመረም። ጋውኑ ክፍቱ ወደ ኋላ ሆኖ ተለበሰ፣ ፀጉራቸው ወደ ላይ ታሰረ፣ ብርሃን ከጎን እንዲመጣ ተደረገ። ከጎን የሚመጣ ብርሃን የስካፑላውን ጠርዝ ጥላ ያሳያል፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ግን ሁሉንም ጠፍጣፋ ያስመስለዋል። መርማሪው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ከኋላ ቆመ።

ፀጥ ብለው ቆመው ሳሉ ቀኙ ትከሻ ከግራው 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደው መስመር በግራ በኩል ሙሉ ነው፤ በቀኝ ጎድጉዷል፣ የስካፑላው የላይኛው ማዕዘንም በቆዳ ሥር ጎልቶ ይታያል። በስካፑላው ስፓይን (በአጥንቱ ጀርባ ላይ አግድም በሚሄደው ጉብታ) ከፍታ ከጀርባ አጥንት መሐል እስከ ውስጠኛው ጠርዝ በግራ 6.5 ሴንቲ ሜትር፣ በቀኝ 9 ሴንቲ ሜትር ተለካ። የሴሬተስ ሞት ቢሆን ቀኙ መጥበብ ነበረበት፤ እሱ ግን ሰፍቷል። በአንዲት መለኪያ ብቻ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግምት ተናጋ።

ከዚያ ጠባሳው ታየ። ከጆሮ ሥር ወደ ክላቪክል የሚወርደው የአንገት ጡንቻ፣ ስተርኖክላይዶማስቶይድ፣ ኋለኛው ጠርዝ ላይ፣ የላይኛው ሲሶና የመካከለኛው ሲሶ በሚገናኙበት አካባቢ፣ በቆዳው እጥፋት ውስጥ ያረፈ 3 ሴንቲ ሜትር ቀጭን ጠባሳ ነው። ፀጉር ሲለቀቅ ይሸፈናል። አክሰሰሪ ነርቭ ከጡንቻው ጀርባ ብቅ የሚለው እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ በአንገቱ ኋለኛ ሦስት ማዕዘን ውስጥ በቆዳና በስስ ሽፋን ብቻ ተከልሎ፣ በንፍፊቶች መካከል ያልፋል። ንፍፊት ሲወጣ ነርቩ አብሮ ሊያዝ የሚችለው ለዚህ ነው፤ ከአክሰሰሪ ጉዳቶች መካከልም በዚህ ቦታ በሚደረግ ትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚመጣው ዋነኛው ነው።

«እጅዎን ቀስ ብለው ወደ ፊት ያንሡ» ተባሉ። 145 ዲግሪ ደረሱ፤ ክንዱ ከፍ ባለ ቁጥር ስካፑላው እየተጣበቀ ሄደ። «አሁን ወደ ጎን» ሲባሉ 75 ዲግሪ ላይ ቆሙ፣ ውስጠኛው ጠርዝም ተነሥቶ በጥላው ተለየ። መርማሪው ስካፑላውን በመዳፉ ወደ ደረት ግድግዳ ተጭኖ ወደ ላይ ሲያግዘው ወደ ጎን የሚነሣው ክንድ 120 ደረሰ፤ ሕመሙም ቀለለ። ሴሬተስ የሞተበት ሰው በተቃራኒው የሚቸገረውና ክንፉ የሚብስበት ክንዱን ወደ ፊት ሲያነሣ ነው። በተግባር ከሁሉም ይልቅ የሚለየው ይህ ነው፦ ወደ ፊት ሲነሣ የሚብስ ክንፍ ወደ ሴሬተስ ይጠቁማል፤ ወደ ጎን ሲነሣ የሚብስና ወደ ፊት ሲነሣ የሚቀንስ ወደ ትራፒዚየስ።

ቀጥሎ ክንዳቸውን ከጎናቸው አስጠግተው፣ ክርናቸውን 90 ዲግሪ አጥፈው፣ የመርማሪውን እጅ በአንጓቸው ወደ ውጭ እንዲገፉ ተጠየቁ። የስካፑላው ውስጠኛ ጠርዝ ወዲያው ተገለበጠ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተትም ተፈጠረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞሩት ጡንቻዎች መነሻቸው ስካፑላው ራሱ ነው፤ የትራፒዚየስ መካከለኛና ታችኛ ክፍል ስካፑላውን ካልያዘላቸው ክንዱን ከማዞር ይልቅ ስካፑላውን ይነቅሉታል። በግራ በኩል ሲሞከር ምንም አልተነቃነቀም። ይህ ምርመራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሁልጊዜ ሁለቱም ወገን መሞከር አለበት።

ግድግዳው ለምን አሳሳተ?

ግድግዳ መግፋት የሴሬተስ ፈተና ተብሎ ስለሚታወቅ ክንፍ የታየ ሁሉ ሴሬተስ ይባላል። ትራፒዚየስ የሞተበት ሰውም ሲገፋ ስካፑላው ጥቂት ሊወጣ ይችላል፤ ልዩነቱ ያለው በአቅጣጫው ነው። እኚህ ታካሚ እጃቸውን በትከሻ ከፍታ አድርገው ሲገፉ ስካፑላው ወደ ውጭ ተንሸራተተ፣ ጠርዙም በላይኛው ማዕዘን በኩል በትንሹ ተነሣ። ሴሬተስ ቢሆን የታችኛው ጫፍ ወደ አከርካሪው ተስቦ መላ ጠርዙ በተነቀለ ነበር።

ጥርጣሬ ሲኖር ታካሚውን በጀርባው ማስተኛት ይሻላል። አልጋው ስካፑላውን ስለሚይዘው ሴሬተስ ብቻውን ይፈተናል። ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ጣሪያ ዘርግተው፣ ክርናቸውን ሳያጥፉ ጡጫቸውን ወደ ላይ እንዲገፉ ተደረገ፤ የመርማሪው ሙሉ ጉልበት ሊመልሰው አልቻለም፣ ከ0 እስከ 5 በሚሰጠው የጡንቻ ጉልበት መለኪያ 5 ከ5። በጎናቸው የሴሬተስ ጥርሶች በየጎድን አጥንቱ ላይ ሲኮማተሩ በጣት ተዳሰሱ። ለአሥር ሳምንት ሲያጠነክሩት የነበረው ጡንቻ ድሮም ጤነኛ ነበር። ይባስ ብሎ የሚጎትተው ስካፑላውን ወደ ውጭና ወደ ፊት ስለሆነ፣ የሚመልሰው ትራፒዚየስ በሌለበት እሱን ማጠንከር መዝመሙን ያግዘዋል። ሕመማቸው የባሰበት ምክንያት ከዚህ ጋር ይስማማል።

ትራፒዚየስ በክፍል በክፍል ይፈተን። «ትከሻዎን ወደ ጆሮዎ ያንሡ» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ያታልላል፤ ሌቬተር ስካፑሌ የተባለው ጡንቻ ትከሻ ማንሣት ይችላል፣ ለላይኛው ትራፒዚየስም ከአንገት ሥሮች የሚመጡት ጥቂት ክሮች ይቀሩለታል። እሳቸውም ትከሻቸውን አነሡ፤ ጉልበቱ ግን 3 ከ5 ነበር። በሆዳቸው ተኝተው ክንዳቸውን 90 ዲግሪ ወደ ጎን ዘርግተው አውራ ጣታቸው ወደ ላይ ሆኖ ሲያነሡ፣ መካከለኛው ክፍል 1 ከ5፤ ክንዱ ወደ ራስ አቅጣጫ 135 ዲግሪ ሰያፍ ሆኖ ሲሞከር፣ ታችኛው 0። ትከሻ ማንሣት ብቻ ቢፈተን ኖሮ «ትራፒዚየስ በመጠኑ ደክሟል» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ጉዳቱ በነርቩ መንገድ የት ላይ እንደሆነ የሚነግረው ስተርኖክላይዶማስቶይድ ነው። አክሰሰሪ ነርቭ ለዚህ ጡንቻ ቅርንጫፉን የሚሰጠው ወደ ኋለኛው ሦስት ማዕዘን ከመውጣቱ በፊት ነው። ታካሚዋ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው በመርማሪው እጅ ላይ ሲገፉ ቀኙ ጡንቻ እንደ ገመድ ወጣ፣ 5 ከ5። ስለዚህ ጉዳቱ ከጡንቻው በታች ነው፤ ጠባሳው ካለበት። እሱም ደክሞ ቢሆን ኖሮ ነርቩ ከራስ ቅል ሥር ሲወጣ ባለበት አካባቢ መፈለግ ያስፈልግ ነበር። ያኔ ድምፅ፣ መዋጥና ምላስም ይፈተናሉ፣ ምክንያቱም 9ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው ነርቮች እዚያው ቅርብ ናቸው።

የጆሮው መደንዘዝም ትርጉም አገኘ። የጆሮውን ሎቢ (ጌጥ የሚደረግበትን ለስላሳ ጫፍ) እና የመንጋጋውን ማዕዘን የሚያገለግለው ግሬት ኦሪኩላር ነርቭ በዚያው ጡንቻ ኋለኛ ጠርዝ ዞሮ ይወጣል፤ ከአክሰሰሪ የሚርቀው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። በጥጥ ሲነካ ቀኙ ሎቢ አልተሰማቸውም። ሁለት ጎረቤት ነርቮች በአንድ ቀን ከተጎዱ ምክንያቱ ከሁለቱ አጠገብ የደረሰ ነገር ነው።

ሌሎች አማራጮች

ቀዶ ሕክምና ነበር ማለት ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። ፓርሰኔጅና ተርነር እ.ኤ.አ. በ1948 በሰፊው የገለጹት የነርቭ ብግነት ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሊነሣ ይችላል፣ ሎንግ ቶራሲክንም ደጋግሞ ያጠቃል፤ አክሰሰሪንም አልፎ አልፎ ይነካል። የእሱ መለያ በድንገት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ የሚነሣ እንቅልፍ የሚነሳ ከባድ ሕመም ነው፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሕመሙ ሲበርድ ድካሙ ይመጣል። እዚህ ግን ድካሙ በሦስተኛው ቀን ታውቋል፤ ሕመሙ በኋላ መጣ። የዚህ ብግነት ሌሎች ተወዳጅ ቦታዎችም ተፈተኑ፦ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ክብ ቀለበት ይሠራሉ፣ ክንድን ወደ ውጭ ማዞርም ስካፑላው ሲደገፍ ሙሉ ጉልበት አለው።

የአንገት ነርቭ ሥር መጫን ቢሆን የባይሴፕስ ወይም የትራይሴፕስ ድካም፣ የሪፍሌክስ መቀነስ፣ ወደ ክንድ የሚወርድ የስሜት ለውጥ ይጠበቃል፤ አንዱም አልተገኘም። ዓይናቸውን አጥብቀው ጨፍነዋል፣ ፉጨታቸው ደህና ነው፣ የግራ ስካፑላቸው ጤነኛ ነው። ክንፉ በሁለቱም ወገን ሆኖ ፊት ደክሞ ቢሆን ግን ነርቭን ትቶ ወደ ጡንቻ በሽታ፣ በተለይም ፊትን፣ ስካፑላንና የላይኛውን ክንድ ወደሚያከሳው የዘር በሽታ መሄድ ይገባ ነበር።

ኢኤምጂ

ጊዜው ወሳኝ ነው። ነርቭ ከተቆረጠ በኋላ ከጉዳቱ በታች ያለው ጫፍ ለጥቂት ቀናት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በመርፌ የሚታየው ፊብሪሌሽንም (ነርቭ ያጣ ጡንቻ በራሱ የሚያወጣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምት) ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካልሞላ ላይታይ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት የተሠራ ኢኤምጂ «ደህና ነው» ካለ አይታመን፤ ይደገም። እዚህ አምስት ወር ስላለፈ ይህ ችግር አልነበረም።

በመጀመሪያ አክሰሰሪ ነርቭ ከስተርኖክላይዶማስቶይድ ኋለኛ ጠርዝ መሐል ላይ ተነቃቅቶ ምላሹ ከላይኛው ትራፒዚየስ ተለካ። በግራ ምላሹ በ2.2 ሚሊሰከንድ መጣ፣ ቁመቱ 9 ሚሊቮልት። በቀኝ በመደበኛው መጠን ምንም አልወጣም። ኃይሉ ሲጨመር 0.3 ሚሊቮልት የሆነች ሞገድ ታየች፤ ነገር ግን ጅማሬዋ ወደ ታች ነው። ጅማሬው ወደ ታች የሆነ ሞገድ ከኤሌክትሮዱ ሥር ካለው ጡንቻ ሳይሆን ከጎረቤት ጡንቻ የተሰማ ነው፤ «ነርቩ በከፊል ተርፏል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ታካሚዋ ሌላ ስድስት ወር ይጠብቁ ነበር።

በመርፌ ምርመራ መካከለኛውና ታችኛው ትራፒዚየስ በፊብሪሌሽንና ተመሳሳይ ትርጉም ባለው ፖዚቲቭ ሻርፕ ዌቭ የተሞሉ ሆኑ፤ እንዲኮማተሩ ሲታዘዙም አንድም ሞተር ዩኒት (በአንድ የነርቭ ክር የሚታዘዝ የጡንቻ ክሮች ቡድን) አልተነሣም። በላይኛው ክፍል ጥቂት ዩኒቶች ቀርተዋል፣ ከአንገት ሥሮቹ ክሮች እንደሚጠበቀው። ስተርኖክላይዶማስቶይድ ጤነኛ ነው። ሮምቦይድ ጤነኛ ነው፤ እሱን ስንወጋ መርፌው በትራፒዚየስ ውስጥ አልፎ ስለሚገባ የትኛው ጡንቻ ውስጥ እንዳለን ማረጋገጥ ግድ ነው። ታካሚዋ እጃቸውን ከወገባቸው ጀርባ አድርገው መዳፋቸውን ከጀርባቸው ሲያነሡ ዩኒቶቹ ከተነሡ ሮምቦይድ ነው። እንዲህ ካልተደረገ የትራፒዚየስ ፊብሪሌሽን በሮምቦይድ ስም ይመዘገብና ምርመራው ወደ 5ኛው የአንገት ሥር ይሳሳታል።

ሴሬተስ ጥንቃቄ የሚሻው ነው፣ ከሥሩ ሳንባ አለና። ታካሚዋ በግራ ጎናቸው ተኙ። በብብቱ መሐል መስመር ላይ 5ኛው የጎድን አጥንት ተዳሰሰ፤ መርማሪው አመልካች ጣቱን ከአጥንቱ በላይ፣ መሐል ጣቱን ከአጥንቱ በታች ባሉት ክፍተቶች አስቀምጦ መርፌውን በሁለቱ ጣቶች መሐል ወደ አጥንቱ ላከ። ጣቶቹ ክፍተቶቹን ስለዘጉ መርፌው ቢሳሳት እንኳ የሚያገኘው አጥንት ነው። አጥንቱ በማይዳሰስበት ሰው ላይ ይህ በአልትራሳውንድ እየታየ ይሠራ፤ አለዚያ ይተው። ሴሬተስ ጤነኛ ሆነ። ሱፕራስፓይናተስ፣ ኢንፍራስፓይናተስ፣ ዴልቶይድ፣ ባይሴፕስ፣ ትራይሴፕስና የአንገት ጀርባ ጡንቻዎችም እንዲሁ።

ኢኤምጂ እዚህ ያበቃል። ነርቩ ሙሉ በሙሉ እንደሞተ ይናገራል እንጂ ተበጥሷል ወይስ ሽፋኑ ሳይበጠስ ውስጡ ብቻ ሞቷል የሚለውን አይለይም። የሚድነውና የማይድነው በዚህ ደረጃ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ይህን ያሳየው አልትራሳውንድ ነው። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ፕሮብ፣ ነርቩ ከስተርኖክላይዶማስቶይድ ጀርባ ከወጣ በኋላ በጠባሳው ሥር 4 ሚሊ ሜትር ወፍሮ እንደ አምፖል ያበቃል፤ በግራ በኩል ያው ነርቭ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የታችኛው ጫፍ 18 ሚሊ ሜትር ርቆ ተገኘ። የቀኝ ትራፒዚየስ ውፍረት ከግራው ግማሽ ሆኗል።

ከዚያ በኋላ

ውጤቱ በተጻፈ በሳምንቱ ታካሚዋ ለነርቭ ቀዶ ሐኪም ተላኩ፣ በስድስተኛው ወርም አንገታቸው ተከፈተ። የላይኛው ጫፍ በኤሌክትሪክ ሲነካ ትራፒዚየስ አልተንቀሳቀሰም። አምፖሉ ተቆርጦ ጤናማ ክር እስኪታይ ድረስ ሲጸዳ ክፍተቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ጫፍ ለጫፍ ቢሰፋ ስለሚወጠር ከባት በኩል ከሱራል ነርቭ 3 ሴንቲ ሜትር ተወስዶ ተተከለ። የተቆረጠ አክሰሰሪ በስድስት ወር ውስጥ ሲጠገን ውጤቱ የተሻለ ነው፤ ከዓመት በላይ ሲቆይ ተስፋው ይቀንሳል፤ ከዚያም ካለፈ የሚቀረው ሌቬተር ስካፑሌንና ሮምቦይዶችን ከቦታቸው ነቅሎ በስካፑላው ላይ ወደ ውጭ ማዛወር ነው። ታካሚዋ የደረሱት በመጀመሪያው ገደብ ጫፍ ላይ ነው። ንፍፊት ከወጣ በኋላ ክንድ ወደ ጎን አልነሣ ካለ በአራተኛው ሳምንት ኢኤምጂና አልትራሳውንድ ይሠሩ፤ በሦስተኛው ወር የመመለስ ምልክት ካልታየ አንገቱ ይከፈት።

ለሦስት ሳምንት ክንዳቸው ታስሮ ቆየ፤ ከዚያ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ በሰው እጅ የሚንቀሳቀስ ልምምድ ተጀመረ። ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው እንዲሠሩ፣ በቀኝ እጃቸው ከባድ ነገር አንጠልጥለው እንዳይሄዱ ተነገራቸው። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከስፌቱ እስከ ትራፒዚየስ መግቢያ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለነበር፣ የመጀመሪያው ወር ዝግታ ተጨምሮበት፣ ከአራተኛው ወር በፊት ምንም እንዳይጠብቁ አስቀድሞ ተገልጾላቸዋል። በአምስተኛው ወር ኢኤምጂ በላይኛውና በመካከለኛው ክፍል ትንንሽ አዲስ ዩኒቶችን አሳየ፤ በዓይን ግን ገና ምንም አይታይም ነበር።

በ12ኛው ወር ክንዳቸው ወደ ጎን 150 ዲግሪ ይነሣል። ላይኛው ትራፒዚየስ 5፣ መካከለኛው 4፣ ታችኛው 2 ከ5 ነው፤ አንጓቸው ወደ ውጭ ሲገፋ የስካፑላው ጠርዝ አሁንም ጥቂት ይነሣል። በጀርባ አጥንቱና በጠርዙ መካከል ያለው ርቀት ከ9 ወደ 7.5 ሴንቲ ሜትር ጠቧል። ማንገቻው ከትከሻቸው አይወርድም፣ ሰሌዳው ላይም ከላይኛው መስመር ጀምረው ይጽፋሉ። የጆሮው ሎቢ አልተመለሰም፤ ጌጣቸውን አሁንም መስተዋት ፊት ቆመው ነው የሚያደርጉት።